የግማሽ ማራቶን ምዝገባ ለሁለተኛ ጊዜ አመለጠኝ፣ እናንተ እንዴት ነው ምትቀድሙት?

ቀስ_እያለች_ምትሮጠው፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትንሽ ላማርር ነው የመጣሁት ቻሉኝ። የጎዳና ላይ ሩጫ ነው፣ ግማሽ ማራቶን፣ ምዝገባው ኦንላይን ብቻ ነው በአካል ሚባል ነገር የለም። አምና ያመለጠኝ በራሴ ጥፋት ነው እሱን አምናለሁ፣ 10:00 ይከፈታል የሚለውን አይቼ በኛ 10 ሰዓት ነው ብዬ ከሰዓት በኋላ ተዝናንቼ ስገባ "ምዝገባው ተጠናቋል" አለኝ፣ ለካ ጠዋት 4 ሰዓት ተከፍቶ ገና ረፋዱ ላይ አልቋል።

ዘንድሮ ግን አላርም ሞልቼ ከ10 ደቂቃ በፊት ገጹ ላይ ቁጭ ብዬ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ ሳደርግ ቆየሁ። ተከፈተ፣ ገባሁ። ከዛ ፎርሙ ማለቂያ የለውም እናንተዬ! የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ፣ የደም ዓይነት፣ የቲሸርት ሳይዝ፣ በስንት ሰዓት ትጨርሻለሽ፣ ክለብ አለሽ ወይ፣ የመታወቂያ ፎቶ። ፎቶው ደሞ ትልቅ ነው ብሎ አልቀበልም አለኝ እሱን ሳሳንስ ጊዜ ሄደ። ሁሉን ጨርሼ ካርዴን አስገባሁ፣ ባንኩ ሚልከውን ኮድ ጠበቅኩ ጠበቅኩ አልመጣም፣ ሲመጣ ደሞ ገጹ ጊዜዎ አልቋል ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ፣ ተመልሼ ስገባ ሞልቷል። 22 ደቂቃ ነው በቃ። የአራት ወር ልምምድ በ22 ደቂቃ።

እና ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው ምትደርሱት? ሁለተኛ ዌቲንግ ሊስት ላይ ስሜን አስገብቻለሁ፣ እውነት ሰው ይጠራሉ ወይስ ለማጽናኛ ነው? ሦስተኛ አንዷ የተመዘገበች ልጅ ጉልበቷን ታማ የመሮጫ ቁጥሯን (ደረት ላይ ሚለጠፈውን) ልሽጥልሽ ብላኛለች፣ በሷ ስም ብሮጥ ችግር አለው?

*

ዴስክ_ላይ_ቁጭ፦

እህቴ አይዞሽ። እኔ እራሴም እሮጣለሁ ግን ላለፉት ስድስት ዓመታት ሩጫ ሲኖር ቁጥር ማደያው ጠረጴዛ ላይ በበጎ ፈቃድ ስለምሠራ ያንቺን ዓይነት ታሪክ በቀን ሃምሳ ጊዜ ነው ምሰማው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺን ያስቀረሽ ዘግይቶ መግባት አይደለም፣ በሰዓቱማ ገብተሻል። ያስቀረሽ ፎርሙን በመክፈቻው ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ማየትሽ ነው።

አብዛኛው የምዝገባ ገጽ አካውንት ቀድመሽ እንድትከፍቺ ይፈቅዳል። አካውንቱን ከሳምንት በፊት ክፈቺ፣ ኢሜይልሽን አረጋግጪ፣ ስም፣ የልደት ቀን፣ ተጠሪ፣ የደም ዓይነት ምናምን ፕሮፋይሉ ላይ ሙይ፣ ያኔ በዕለቱ እራሱ ይሞላልሻል። ፕሮፋይል ከሌለው ደሞ የአምናውን ፎርም የሞላ ሰው ፈልገሽ ምን ምን እንደሚጠይቅ ጠይቂና ስልክሽ ኖት ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ፣ ኮፒ ፔስት ብቻ ይሁን ሥራሽ። የመታወቂያሽን ፎቶ አሳንሰሽ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አድርጊ። ስምሽ መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፣ እዚህ ጋ በየዓመቱ ሰው ይጣላናል፣ ቁጥር ሊወስድ ሲመጣ በቅጽል ስሙ ተመዝግቦ "እኔ ነኝ እኮ" ይለናል፣ እኛ በምን እናውቃለን?

የልደት ዓመትም ተጠንቀቁ። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ በኛ አቆጣጠር ያለውን ዓመት ፈረንጅኛው ሳጥን ውስጥ ከቶት ሲስተሙ ስምንት ዓመት አስረጅቶ በዕድሜ ከፍ ካሉት ምድብ ከተተው። እሱ እንኳን ደስ ብሎት ነበር፣ ሜዳሊያ እወስዳለሁ ብሎ።

ለምን ጊዜው ሲያልፍ አንድ ሰው አትጨምሩም ለሚሉ ደሞ፣ ክፋት እንዳይመስላችሁ። ቁጥሩ ከመታተሙ በፊት ስምሽ፣ ምድብሽና ቺፕሽ አንድ ፋይል ላይ ተያይዞ ጊዜ ለሚይዙት ሰዎች ይላካል፣ የቁጥሩ ጀርባ ላይ ያለችው ስስ ነገር ናት ቺፕ ሚሏት፣ መነሻና መድረሻ ላይ ምንጣፉን ስታልፊ ምትነበበው። ውሃው፣ አምቡላንሱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመንገድ ፈቃዱ ሁሉ በተመዝጋቢው ብዛት ነው ሚታዘዘው። አንድ ሰው ቀላል ይመስላል ግን "አንድ ሰው ብቻ" ብሎ ሚመጣው ሰው አንድ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

*

ኮድ_ጠባቂ፦

የኔ ሥራ ኮምፒውተር ነክ ስለሆነ የሪፍሬሹን ነገር ልናገር፣ ሪፍሬሽ አድርጎ የቀደመ ሰው አላየሁም። ትልልቅ ውድድሮች ሚጠቀሙት የወረፋ ገጽ አለ፣ ከመክፈቻው በፊት የገባውን ሁሉ አንድ ላይ መጠበቂያ ውስጥ ያጉረዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ብዙ ጊዜ በዕጣ ነው ተራ ሚሰጠው። ማለትም ከሁለት ሰዓት በፊት የመጣውም ከ3 ደቂቃ በፊት የመጣውም እኩል ናቸው። ከተከፈተ በኋላ የመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው ሚሰለፈው። ስለዚህ ከመክፈቻው 10 ወይ 15 ደቂቃ በፊት መግባት በቂ ነው፣ ከዛ እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ። በአምስት ታብ ከፍቶ መጠበቅም ብዙ ጊዜ አይጠቅምም፣ ወረፋውን ሚያስታውሰው ኩኪ (ገጹ ብራውዘርሽ ውስጥ ሚያስቀምጠው ትንሽ መለያ) ስለሆነ አንዱ ብራውዘር ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ተራ ነው ሚይዙት። እንዲህ ያለ ወረፋ የሌለው ተራ ገጽ ከሆነ ደሞ ያ ሁሉ ሰው ሪፍሬሽ ሲያደርግ ሰርቨሩን ነው ሚያደክሙት፣ አንቺንም ጨምሮ 😅

ካርዱ ላይ ግን ትልቁ ወጥመድ አለ። ብዙ ባንክ የኦንላይን ክፍያን ዘግቶ ነው ካርዱን ሚሰጥሽ፣ በአፑ ወይ ደውለሽ ማስከፈት አለብሽ፣ የቀን ገደብም አለው። ከዛ ቀን በፊት በዛው ካርድ የሆነች ትንሽ ነገር ኦንላይን ገዝተሽ ሞክሪው፣ ኮዱ በየትኛው ስልክ እንደሚመጣ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ታያለሽ። ስልክ ቁጥርሽን ቀይረሽ ባንኩ ጋ የቆየው አሮጌው ከሆነ ኮዱን የድሮው ሲም ነው ሚቀበልልሽ። ኮዱ ዘገየ ብለሽ "ድጋሚ ላክ" ደጋግመሽ አትንኪ፣ አዲስ ሲላክ የፊተኛው ይሰረዛል፣ ከዛ መጀመሪያ የደረሰሽን ስታስገቢ የተሳሳተ ኮድ ይልሻል። ምናልባት ያንቺም ይሄ ሊሆን ይችላል።

እና ከከፈልሽ በኋላ ኮንፈርሜሽን ኢሜይል እስኪመጣ ገጹን አትዝጊ፣ ስክሪንሾት አንሺ። ብሩ ተቆርጦ ምዝገባው ሳይገባ ሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ከእጅሽ ያለው ማስረጃ እሷ ብቻ ናት።

*

ቀስ_እያለች_ምትሮጠው፦

ድጋሚ ላክ አራቴ ነው የነካሁት 🤦 ማንም አልነገረኝም እኮ!! እሺ ሌላ ጥያቄ፣ ውጭ ሀገር ያለ ውድድር ከሆነ ሰዓቱን በምን ታሰላላችሁ? እህቴ ሌላ አገር ነው ያለችው እና አንድ ላይ እንሩጥ ተባብለን ነበር ለሚቀጥለው።

*

ኮድ_ጠባቂ፦

በጭንቅላትሽ አታስይ። ገጹ ላይ ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የሰዓት ቀጠና ፊደል አንብቢ፣ ከዛ ስልክሽ ላይ ያለው የዓለም ሰዓት ላይ የዛን ከተማ ስም አስገቢና እሱን እያየሽ አላርም ሙይ። በልምድ "ሁለት ሰዓት ነው ልዩነታችን" ማለት ያስበላል፣ ምክንያቱም አውሮፓና አሜሪካ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ፣ እሱንም አብረው አይቀይሩትም። አሜሪካ ማርች ሁለተኛው እሁድ ላይ ነው፣ አውሮፓ ማርች የመጨረሻው እሁድ፣ በመሃል ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ላይ የለመድሽው ልዩነት አይሠራም። 23:59 ይዘጋል ሲልም በነሱ 23:59 ነው። ቀኑንም እይ፣ 03/04 አሜሪካ ማርች 4 ነው፣ ሌላው ጋ ኤፕሪል 3። አንድ ወር ሙሉ ተቀደምሽ ማለት ነው።

*

ዕጣ_ያልወጣለት፦

የውጭ ትልልቆቹን ካሰባችሁማ በሰዓቱ መድረስ ሚለው ነገር ራሱ ትርጉሙ ይለያል። ለንደን ማራቶን በዕጣ ነው፣ መመዝገቢያው ለቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ገባሽ መጨረሻው ላይ ገባሽ ዕድልሽ አንድ ነው፣ ብቻ መስኮቱ ሳይዘጋ ግቢ። በፈረንጆቹ ለ2026ቱ ውድድር ዕጣው ውስጥ የገባው ሰው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነው። እኔ አራት ጊዜ ሞልቼ አራት ጊዜ "በዚህ ዓመት አልተሳካም" ሚል ኢሜይል ነው ያለኝ፣ ፍሬም ላደርገው ነው።

ቦስተን ደሞ ሌላ ነው። ሚኒማ አለው፣ ማለትም ለማመልከት ቀድመሽ በሌላ ማራቶን ማምጣት ያለብሽ ሰዓት፣ በዕድሜና በጾታ ይለያያል። ድሮ ሚኒማውን ያሟላ ሁሉ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ነበር ሚመዘገበው፣ ከዛ በ2010 ኦክቶበር ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲከፈት በ8 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ሞልቶ አለቀ፣ ሥራ ላይ የነበረ ስብሰባ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ቀለጠ። ከዛ በኋላ ነው አሠራሩን የቀየሩት፣ አሁን ለቀናት ክፍት ነው፣ ሲዘጋ ደሞ በሰዓታቸው ከፈጣኑ ጀምሮ ይወስዱና ቦታው ሲሞላ ይቆርጣሉ። ለ2025ቱ ሚኒማ አሟልተው ካመለከቱት 12,324 ሰዎች ተመልሰዋል፣ ከሚኒማው 6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ የፈጠነ ብቻ ነው የገባው። እና እዛ ጣት ፈጥኖ ዋጋ የለውም፣ እግር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያንን ዓረፍተ ነገር ፈልጊ፣ ቀድሞ የመጣ ነው፣ ዕጣ ነው፣ ወይስ ሚኒማ? ሦስቱ ሦስት ዓይነት ዝግጅት ነው ሚፈልጉት። ሰው ዕጣ የሆነውን ሌሊት ተነስቶ ሲጠብቅ አይቻለሁ በናታችሁ።

*

ሦስት_ስፖርት_አንድ_ጉልበት፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም ቅደሚ ቅደሚ ትላላችሁ፣ ቀድሞ መመዝገብም ያስከፍላል። እኔ ትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ) ነኝ፣ ከሩጫ ይልቅ መመዝገቢያው ውድ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብዬ በርካሹ ዋጋ ገባሁ፣ ከዛ ከውድድሩ ሁለት ወር በፊት ከብስክሌት ወድቄ የአንገቴ ስር አጥንት ተሰበረ። ሪፈንድ የለም። ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማዘዋወር አለ ግን ቀነ ገደቡ አልፏል፣ ገደቡ ደሞ እኔ በወደቅኩ በሦስት ቀን ውስጥ ነበር፣ ያን ጊዜ እኔ ሆስፒታል ነኝ ማን ደንብ ያነባል። ያ ሁሉ ብር ቀለጠ።

ከዛ ወዲህ ምን አደርጋለሁ መሰላችሁ፣ ስመዘገብ ሦስት ቀን ካላንደሬ ላይ አስገባለሁ፣ ዋጋ ሚጨምርበት፣ ማዘዋወር ሚያበቃበት፣ ስምና ምድብ መቀየር ሚዘጋበት። የውድድሩን ቀንማ ማን ይረሳዋል። እና በቶሎ ሚሞላ ውድድር ካልሆነ ልምምዴ መሃል እስኪደርስ እጠብቃለሁ፣ ትንሽ ጨምሬ እከፍላለሁ እንቅልፌን ግን አላጣም።

ዕድሜን ካነሳችሁት አይቀር፣ ትራያትሎን ላይ የዕድሜ ምድብ ሚቆጠረው በዛ ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ በሚኖርሽ ዕድሜ ነው፣ አትሌቲክስ ማስተርስ (በዕድሜ ገፋ ያሉት ሚወዳደሩበት) ላይ ደሞ በውድድሩ ቀን ባለሽ ዕድሜ ነው፣ ከ35 ጀምሮ። እኔ ልደቴ ኖቬምበር ነው፣ እና አንዱ ጋ ወጣት አንዱ ጋ ሽማግሌ ሆኜ ዓመቱን እጨርሳለሁ። ፎርሙ ላይ ምድብ ምረጥ ካለ ሕጉን ሳታዩ አትንኩ።

የሐኪም ወረቀትም አትርሱ። ኢጣሊያ ለምሳሌ ቁጥር ከመስጠታቸው በፊት የጤና ማረጋገጫ ሚጠይቁ ውድድሮች አሉ፣ እናንተን ይመለከት እንደሆነ ቀድማችሁ ደንቡን እዩ። ሐኪሙ ቀጠሮ እስኪሰጥ ሳምንታት ይሄዳል።

*

ዴስክ_ላይ_ቁጭ፦

@ሦስት_ስፖርት እውነትህን ነው የማዘዋወሩን ማንም አያነብም። አንገትህ እንዴት ነው አሁን?

@ቀስ_እያለች ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ ሁሉም ዘሎታል። አታድርጊው። ያቺ ልጅ ቁጥር ላይ ያለው የሷ ስም፣ የሷ የደም ዓይነት፣ የሷ እናት ስልክ ነው። መንገድ ላይ ብትወድቂ ሐኪሙ ቁጥርሽን አይቶ ሚደውለው የሷ ቤት ነው፣ እናቷ ልጄ ወደቀች ብላ እየሮጠች ትመጣለች፣ ያንቺ ቤተሰብ ደሞ ምንም አያውቅም። ይሄ ሆኖ አይቻለሁ፣ ሰውዬው ተርፏል ደግነቱ፣ ግን ለሁለት ሰዓት ማን እንደሆነ አላወቅንም ነበር።

*

ዝም_ብዬ_ሯጭ፦

ኧረ አታካብዱት። እኔ ሁለቴ በጓደኛዬ ቁጥር ሮጫለሁ ምንም አልሆንኩም። ቁጥሩን ገልብጠሽ ጀርባው ላይ የራስሽን ስልክ ጻፊ በቃ። ብሩ ተከፍሏል፣ ቲሸርቱ ተሰፍቷል፣ ከሚባክን።

*

ዴስክ_ላይ_ቁጭ፦

ወንድሜ አንተ ምንም አልሆንክም፣ ጓደኛህስ? 30 ዓመት ወንድ የሴት ጓደኛው ቁጥር ላይ ሮጦ በሴቶች ምድብ ሦስተኛ ወጥቶ፣ እውነተኛዋ ሦስተኛ አራተኛ ተብላ ወደ ቤቷ የሄደችበትን ቀን አልረሳውም፣ ሜዳሊያዋን በፖስታ ነው የላክንላት። ብዙ ውድድር ደሞ ሲያገኝ ሁለታችሁንም ለዓመታት ያግዳል። ማስተላለፍ ሚፈቀድበት ውድድር አለ፣ እሱ ካለ በሥርዓቱ በገጹ በኩል ስሟ ወጥቶ ስምሽ ይገባል፣ ትንሽ ይከፈልበታል። ልጅቷን መጀመሪያ እሱን ፈልጊ በያት። እሱ ከሌለ ይቅርብሽ።

*

ዝም_ብዬ_ሯጭ፦

የሴቶች ሦስተኛ 😂😂 እሺ እሱስ ነውር ነው

*

የቅዳሜ_ጠዋት፦

ዌቲንግ ሊስቱን ማንም አልመለሰላትም እኮ። እኔ ሁለቴ በሱ ነው የገባሁት። ይጠራሉ፣ ምክንያቱም ሰው ይጎዳል፣ ይረግዛል፣ ሥራ ይይዘዋል፣ በተለይ ማዘዋወሪያው ሊያበቃ ሲል ብዙ ቦታ ይለቀቃል፣ ከላይ ወንድማችን ያላት ቀን ማለት ነው። ግን ሲጠሩሽ አይደውሉም፣ ኢሜይል ነው፣ እሱም ጊዜ አለው፣ እኔ ጋ አንዴ 48 ሰዓት አንዴ 24 ሰዓት ብቻ ነበር። ኢሜይሉ ደሞ ስፓም ውስጥ ወይ ፕሮሞሽን ሚለው ውስጥ ነው ሚደበቀው። የላኪውን አድራሻ ኮንታክትሽ ውስጥ አስገቢው።

እና እስከዛ ፓርክራን ባለበት አካባቢ ከሆንሽ ወይ እህትሽ ካለችበት ካለ እዛ ሩጪ። 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ነጻ ነው። በፈረንጆቹ 2004 ለንደን አንድ ፓርክ ውስጥ 13 ሰው ሆነው የጀመሩት ነገር ነው አሁን ስንት አገር ገብቷል። አንዴ ኦንላይን ትመዘገቢና ባርኮድ ይሰጡሻል፣ ለዕድሜ ልክ እሷው ናት፣ ሞልቷል ሚባል ነገር የለም። ባርኮዱን ከረሳሽ ግን ሮጠሽም ስምሽ ውጤቱ ላይ አይወጣም፣ እዛ ላይ ምሕረት የላቸውም፣ እኔ ምርጥ ሰዓቴን የሮጥኩት ባርኮድ በረሳሁ ቀን ነው 😭

አንድ ነገር ልጨምር፣ በስንት ሰዓት ትጨርሻለሽ ሚለውን በግምት አትሙይው። በሱ ነው መነሻ ላይ ምትቆሚበትን ቦታ ሚመድቡሽ። ፈጣን ነኝ ብለሽ ከዋሸሽ ፈጣኖቹ መሃል ቆመሽ ይረግጡሻል፣ ከአቅምሽ በታች ቀርፋፋ ነኝ ካልሽ የመጀመሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ሰው እየሸሸሽ ነው ምትጨርሺው።

*

ቀስ_እያለች_ምትሮጠው፦

ከ19 ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ፣ ላስፈግጋችሁ።

ልጅቷን በማስተላለፊያ በያት ያላችሁኝን ነገርኳት፣ ገጹ ላይ ስንፈልግ ይሄ ውድድር ማስተላለፍ አይፈቅድም ግን ማዘዋወር ይፈቅዳል፣ እሷም ሳታውቅ ቀኑ ሊያልፍባት ሁለት ቀን ነበር የቀራት። አዘዋወረች፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታዋ ተጠበቀላት። እኔ ቁጥሩን አላገኘሁም እሷ ግን በኔ ምክንያት ብሯ ተረፈ።

ከዛ ትናንት ማታ ዝም ብዬ ስፓሙን ስከፍት የዌቲንግ ሊስቱ ኢሜይል ቁጭ ብሏል!! 48 ሰዓት ይላል፣ 41ዱ አልፏል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ገባሁ፣ ፕሮፋይሌ ተሞልቷል፣ ፎቶው አንሷል፣ ካርዱን ባለፈው ሳምንት ሞክሬዋለሁ፣ ኮዱ ሲዘገይ እጄን ቂጤ ስር አድርጌ ጠበቅኩ ድጋሚ ላክን አልነካሁም፣ መጣ፣ ገባሁ። ሁሉም ነገር አራት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪንሾት አንስቻለሁ ኮንፈርሜሽኑም መጥቷል።

@ዴስክ_ላይ_ቁጭ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በችኮላ ቲሸርቱን ኤክስኤል ነክቼዋለሁ፣ እኔ ስሞል ነኝ። ይቀየራል?

*

ዴስክ_ላይ_ቁጭ፦

እንኳን ደስ አለሽ!! ቲሸርቱ አይቀየርም 😄 ግን ቁጥር ስትወስጂ መጨረሻው ቀን ማታ ላይ ነይ፣ ያልተወሰደ ስሞል ሁሌ ይተርፋል።